እናቴን ይዤ ያየሁት አሮጌው ሳን ሁዋን

አሜሪካ የምትኖሩና ከአገር ቤት የመጡ ወላጆቻችሁን የት ወስጄ ላዝናናቸው ብላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ የፖርቶ ሪኮዋን ዋና ከተማ ሳን ሁዋንን አስቡባት። እኔ የሄድኩት በታኅሣሥ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ልትጠይቀን የመጣችውን እናቴን ይዤ ነው። ከመነሳታችን በፊት ያገላበጥኳቸው ምክሮች አብዛኞቹ ለሌላ ዓይነት ሰው የተጻፉ ነበሩ፤ አሳማ ለሚበላ፣ ለማይጾም፣ ጉልበቱን ለማያመው፣ የቪዛ ነገር እንቅልፍ ለማይነሳው ሰው። ይህን የምጽፈው ለእኛ ዓይነቱ ነው።

መጀመሪያ ወረቀት። ፖርቶ ሪኮ ከ1898 ጀምሮ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በአሜሪካ ሥር ያለች ደሴት ስለሆነች፣ ከሜሪላንድ ወደዚያ መብረር እንደ አገር ውስጥ ጉዞ ነው። ከባልቲሞር ቀጥታ በረራ አራት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ስትደርሱ የፓስፖርት መስኮት የለም፣ ምንዛሬም የለም። ዜጋ የሆነ ሰው ሪል አይዲ ያለበት መንጃ ፈቃድ ይበቃዋል። ግሪን ካርድ ያለው ካርዱን፣ በጎብኚ ቪዛ የመጣ ወላጅ ደግሞ ፓስፖርቱን መያዝ አለበት፤ ስትመለሱ ሳን ሁዋን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የድንበር ጥበቃ ሰዎች ወረቀት ሊጠይቁ ይችላሉ። ክሩዝ መርከብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መርከቡ በመንገዱ ላይ የሌላ አገር ደሴት ከነካ ከአሜሪካ ወጥታችኋል ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ወላጅ መመለሻው ያጥርበታል። የጥገኝነት ጥያቄው መልስ ያላገኘ ሰውም፣ ጉዞው የአገር ውስጥ ነው ቢባልም፣ ጠበቃውን ሳያማክር ትኬት አይቁረጥ።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ አሮጌው ከተማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ በሮማን ባልዶሪዮቲ ዴ ካስትሮ ስም የተሰየመ ነው። ስሙን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሮጌው ሳን ሁዋን በድልድይ ከዋናው ደሴት ጋር በተያያዘች ትንሽ ደሴት ላይ፣ ምዕራቡን ጫፍ ይዞ የተቀመጠ ነው። ስፔናዊው ሁዋን ፖንሴ ዴ ሌዮን በ1508 መጀመሪያ የሰፈረው ካፓራ በሚባል ረግረጋማ ቦታ ነበር፤ አልመች ሲል ነዋሪው በ1521 ወደዚህ ተዛወረ። ከተማው ከደቡቡ ወደብ ተነስቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ውቅያኖሱ ገደል አፋፍ ይወጣል። ካርታ ላይ ስታዩት መዳፍ የምታህል ሰፈር ናት፤ ከእናት ጋር ሲሄዱባት ግን ዳገቷ ይሰማል። መንገዶቹ ከብረት ማቅለጫ ዝቃጭ በተሠራ ሰማያዊ ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። ፎቶ ላይ ያምራሉ፤ ዝናብ ሲነካቸው ያንሸራትታሉ። ዝናቡ ደግሞ ድንገት መጥቶ ድንገት የሚሄድ ዓይነት ነው። ለእናት ስስ ጫማ አታድርጉላት፤ ስኒከሩን አልወድም ብትልም አሳምኗት።

ማረፊያችን በግንቡ ውስጥ ያለ አሮጌ ቤት ነበር፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ አግዳሚው እንደ ብረት የጠነከረ የጥንት እንጨት። ውበቱ አይካድም። ግን አብዛኞቹ ቤቶች ሊፍት የላቸውም፣ ደረጃቸውም ቀጥ ያለ ነው። ስትይዙ «ስንተኛ ፎቅ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የሳን ሴባስቲያን ጎዳና አካባቢ ሌሊቱን ሙሉ ሙዚቃ ስለሆነ፣ እንቅልፍ ለሚወድ ሰው ከፕላዛ ዴ አርማስ ወደ ካቴድራሉ ያለው ክፍል ይሻላል። መኪና መከራየት ካሰባችሁ ከአሮጌው ከተማ ለምትወጡበት ቀን ብቻ ተከራዩ፤ ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ማቆሚያም ይቸግራል። በጥር ሦስተኛው ሳምንት ግድም ደግሞ የሳን ሴባስቲያን ጎዳና በዓል አለ። ወጣት ብቻ ከሆናችሁ ሂዱበት፤ ሽማግሌና ሕፃን ይዞ የሚሞከር አይደለም።

ክሩዝ መርከቦቹ የሚቆሙት ከተማው ግርጌ ነው። መርከብ የገባ ቀን ፎርታሌሳና ሳን ፍራንሲስኮ የሚባሉት ጎዳናዎች ከረፋድ ጀምሮ ይጨናነቃሉ፣ አመሻሽ ላይ ይተነፍሳሉ። የወደቡን የመርከብ መርሐ ግብር ከመሄዳችሁ በፊት አይታችሁ ቀኖቻችሁን በዚያ ልክ ብታስተካክሉ ብዙ ሰልፍ ታተርፋላችሁ።

ሁለቱ ምሽጎች፣ ኤል ሞሮና ሳን ክሪስቶባል፣ በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ናቸው። እኛ ስንገባ ለአዋቂ 10 ዶላር ነበር፣ ያው ትኬት ለሁለቱም ይሠራል፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ደግሞ በነፃ ይገባሉ። የብሔራዊ ፓርኮች ዓመታዊ ካርድ ያላችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

ሁለቱን ሳታምታቱ ለማየት የተሠሩበትን ምክንያት ማወቅ ይጠቅማል፤ አለዚያ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ነው። የሜክሲኮ ብርና የደቡብ አሜሪካ ሀብት ጭነው ወደ ስፔን የሚመለሱ መርከቦችን ሁሉም ይመኛቸው ነበር። ስፔኖች በ1539 የባሕሩን በር ለመዝጋት ኤል ሞሮን ጀመሩ። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ በ1595 በባሕር መጣ፣ መድፉ መለሰው። ከሦስት ዓመት በኋላ የከምበርላንዱ መስፍን ብልጥ ሆነና ሠራዊቱን በምሥራቅ በኩል አውርዶ በየብስ መጣ፤ ኤል ሞሮንም ያዘ። ያስወጣው የስፔን ጦር አልነበረም፤ ሠራዊቱን የፈጀው ተቅማጥ ነው። በ1625 ደግሞ ሆላንዶች ወደቡ ውስጥ ዘልቀው ገቡ፤ ምሽጉ እጅ አልሰጥም ሲላቸው ከተማውን አቃጥለው ሄዱ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ከተማው በግንብ የታጠረው፣ የየብሱን በር የሚጠብቀው ሳን ክሪስቶባልም ከ1634 ጀምሮ መሠራት የጀመረው። እናቴ ዓመቱን ስነግራት «ፋሲል ጎንደርን በቆረቆረ ጊዜ ነዋ» አለች። የታሪክ አስተማሪ ነበረች፣ ዓመት አይጠፋትም።

ኤል ሞሮ ስድስት ደረጃ ሆኖ ከባሕሩ በላይ ወደ 43 ሜትር ይነሳል። ከመንገዱ እስከ በሩ ያለው ሰፊ ሜዳ አንድ ዛፍ የለበትም፤ ድሮ ጠላት የሚሸሸግበት እንዳይኖር ሆን ተብሎ ባዶ የተተወ ነው፤ ዛሬ ቤተሰቦች ካይት የሚያበሩበት ሆኗል። ልጆቻችን ካይት ከመንገድ ገዝተንላቸው ምሽጉን ረሱት። ጃንጥላ ለፀሐይ ትሆናለች ብላችሁ ብትይዙም ነፋሱ ይገለብጣታል፤ ሰፊ ባርኔጣ ከነማሰሪያው ይሻላል። እናቴ እላይኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች፣ እኛ ወደ ታችኛው የመድፍ መደዳ ወረድን። መውረጃው ቁልቁል ነውና ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የሚመከር አይደለም። ከላይም ሆኖ ወደቡ፣ ውቅያኖሱና መቃብር ቦታው ሁሉ ይታያል።

ጊዜ ካጠራችሁና አንዱን መምረጥ ካለባችሁ፣ እኔ ሳን ክሪስቶባልን እመርጣለሁ። ይህን የምትሰሙት ከጥቂት ሰው ነው፤ ፖስትካርዱ ላይ ያለው ሁልጊዜ ኤል ሞሮ ነውና። ሳን ክሪስቶባል 11 ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ ስፔኖች በአሜሪካ አህጉር ከገነቧቸው ምሽጎች ትልቁ ነው። ከመሬት በታች የሚሄዱ መተላለፊያዎች፣ ዝናብ የሚያጠራቅሙ ጉድጓዶች፣ አንዱ ቢያዝ ሌላው ከኋላ የሚመታበት የተደራረበ አሠራር አለው። መጠለያና ማረፊያም ስላለው ለሽማግሌ ይመቻል። ለግንባታው ብሩ ከሜክሲኮ ግምጃ ቤት ይመጣ ነበር፤ ጉልበቱ ከየት እንደመጣ ግን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፦ ወታደር፣ እስረኛ፣ ከአፍሪካ በባርነት የመጣ ሰው።

እዚህ ላይ ነው ከተማውን አስጎብኚዎች ከሚያሳዩት ለየት አድርጋችሁ እንድታዩት የምፈልገው። ምሽጎቹን ማንም ያሳያችኋል። ጥቁሮቹን የሳን ሁዋን ልጆች ግን ራሳችሁ ካልፈለጋችኋቸው አታገኟቸውም።

ሉና ጎዳና ላይ የራፋኤል ኮርዴሮ ቤት አለ። በ1790 የተወለደ፣ ሲጋራ እየጠቀለለ የሚኖር ነፃ ጥቁር ነበር። እዚያው በሚሠራበት ቤት የድሃውንም የሀብታሙንም፣ የጥቁሩንም የነጩንም ልጅ አንድ ላይ አስቀምጦ፣ ያለ ክፍያ ፊደልና ሂሳብ አስተማረ፤ በ1868 እስኪሞት ድረስ። ባርነት ሕጋዊ በነበረበት ከተማ ነው ይህን ያደረገው። ከተማሪዎቹ መካከል ባርነት እንዲቀር የታገሉት ሆሴ ሁሊያን አኮስታና ያ ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ባልዶሪዮቲ ዴ ካስትሮ ይገኙበታል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስትመጡ የነዳችሁበት መንገድ የእሱ መጠሪያ ነው። ባርነት የቀረው መጋቢት 22 ቀን 1873 ነው፤ ነፃ የወጡት ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በውል እየሠሩ እንዲቆዩ ተገደዋል። እናቴ ቤቱ ፊት ቆማ «የኔታ ማለት ይኼ ነው» አለች። አልጨመርኩበትም።

ሳን ሆሴ ቤተ ክርስቲያን በ1530ዎቹ የተጀመረ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ለጥገና ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2021 ተከፈተ። ሠዓሊው ሆሴ ካምፔቼ የተቀበረው እዚያ ነው። አባቱ ነፃነቱን በገንዘቡ የገዛ የእጅ ባለሙያ ነበር፣ ልጁ የደሴቷ ትልቁ የቅኝ ግዛት ዘመን ሠዓሊ ሆነ። ከእሱ ቀደም ብሎ ደግሞ ሚጌል ኤንሪኬዝ የሚባል ነበር፤ ከባርነት የወጣች እናት የወለደችው፣ ጫማ ሰፊ፣ ኋላም በስፔን ንጉሥ ፈቃድ የጠላት መርከብ እየያዘ የደሴቷ ቀንደኛ ሀብታም የሆነ ሰው። ትላልቆቹ ቤተሰቦች ይህን አልወደዱለትም። ሀብቱ ተወስዶበት ገዳም ተጠግቶ በ1743 ሞተ። አንድ ሐውልት እንኳ ላሳያችሁ ብል በመንገዴ አላገኘሁለትም፤ ድሬክን ግን የማያነሳ አስጎብኚ የለም።

ከአሮጌው ከተማ በስተምሥራቅ ያለው ሳንቱርሴ ድሮ ሳን ማቴኦ ዴ ካንግሬሆስ ይባል ነበር፤ ከእንግሊዝና ከዴንማርክ ደሴቶች በጀልባ ያመለጡ ባሮች ካቶሊክ ሲሆኑ ነፃነት እየተሰጣቸው የሰፈሩበት። በ1797 እንግሊዞች በብዙ ሺህ ጦር ሲመጡ ከተማዋን ከተከላከሉት መካከል የካንግሬሆስ ጥቁር ሚሊሻዎች ነበሩ። እንግሊዞቹ ሁለት ሳምንት ያህል ሞክረው ሄዱ። ለዚህ መሄዳቸው ሕዝቡ የራሱ ትረካ አለው፦ ሴቶቹ ከጳጳሱ ጋር ችቦ ይዘው ሌሊት ሲዞሩ፣ ጠላት ረዳት ጦር የመጣ መስሎት ሸሸ ይላሉ። የዚህ ሐውልት፣ ላ ሮጋቲቫ፣ ከቀዩ የሳን ሁዋን በር በላይ ባለች ትንሽ አደባባይ ቆሟል። ለልጆቼ በእንግሊዝኛ ላስረዳ ስታገል እናቴ «ምህላ በላቸው» አለችኝና ገላገለችኝ።

ከዚያው ከቀዩ በር ወጥታችሁ ከግንቡ ሥር በባሕሩ ዳር የሚሄድ የእግር መንገድ አለ፣ ፓሴዮ ዴል ሞሮ። ሜዳ ስለሆነ ለእናት ከሁሉ የተመቸው እሱ ነው። ፀሐይዋ ስትበርድ ሂዱ፤ በየድንጋዩ ላይ ድመት ተኝታለች። በሩን ወደ ውስጥ ብትመለሱ ደግሞ ዳገቱ ቀጥ ብሎ ካቴድራሉ ጋ ያደርሳል፤ ድሮ በመርከብ በሰላም የደረሰ ሰው ቀጥታ ለምስጋና የሚወጣበት መንገድ ነበር። የፖንሴ ዴ ሌዮን መቃብር እዚያ ነው። እናቴ በሩ ላይ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ ስትል የቆሙት ሴትዮ ፈገግ ብለው እንደማያስፈልግ በእጃቸው አሳዩዋት። እሷ ግን አወለቀች።

ስለ ሰዉ አንድ ነገር ልበል። መልካችን ከእነሱ አይለይም። ሁሉም በስፓኒሽ ነው የሚጀምሩን፤ ሱቅ ውስጥ ዶሚኒካን መሰልናቸው። እንግሊዝኛ አሮጌው ከተማ ውስጥ ይበቃችኋል፣ ግን ሰላምታውን በስፓኒሽ አድርጉ፤ ሰላም ሳይባባሉ ጉዳይ መጀመር እንደኛው አገር ነውር ነገር ነው።

ምግቡ ላይ ረጋ በሉ። የአሳማ ነገር የማይገባበት ቦታ የለም። ዝነኛው ሞፎንጎ የተጠበሰ ጥሬ ፕላንቴን (ሙዝ መሳይ ፍሬ) በነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ የሚሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ቺቻሮን፣ ማለትም የተጠበሰ የአሳማ ቆዳ፣ አብሮ ይወቀጣል። ባቄላው ሾርባ ውስጥ ካም፣ የበዓሉ ሩዝ በጋንዱሌስ (አተር መሳይ ጥራጥሬ) ውስጥ የአሳማ ሥጋ፣ በሙዝ ቅጠል የሚጠቀለለው ፓስቴል ውስጥም እንዲሁ። መጥበሻው ራሱ የአሳማ ስብ ሊሆን ይችላል። «አትክልት ብቻ» ማለት አይበቃም። «ሲን ሴርዶ፣ ሲን ሃሞን፣ ሲን ማንቴካ» በሉ፦ ያለ አሳማ፣ ያለ ካም፣ ያለ ስብ። ስንጠይቅ የተቆጣ አስተናጋጅ አልገጠመንም፤ ወጥ ቤት ገብተው ጠይቀው ይመለሱ ነበር።

እኛ የሄድንበት የነቢያት ጾም ነበር። እናቴ ዓሣ አትነካም፣ እኔ እበላለሁ፤ ስለዚህ ሁለቱንም ልንገራችሁ። ዓሣ ለሚበላ ሙሉውን የተጠበሰ ቀይ ዓሣና ባካላይቶ የሚባለው የደረቀ ዓሣ ቂጣ ጥሩ ናቸው። ባካላይቶው ከሌላው ጋር አብሮ ከሚጠበስበት ዘይት ግን ተጠንቀቁ። ለማይበላ ደግሞ ቶስቶኔስ፣ ማለትም ተደፍጥጦ ሁለት ጊዜ የተጠበሰ ጥሬ ፕላንቴን፣ የተቀቀለ ካሳቫና ጎደሬ መሳይ ሥራሥር፣ አቮካዶ፣ ነጭ ሩዝ አለ። እናቴ ሥራሥሩን ወደደችው፤ በሚጥሚጣ በላችው። ሽሮውንና በርበሬውን ከቤት ይዘን ስለሄድን ማታ ማታ ማረፊያችን ውስጥ እንሠራ ነበር። ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ መያዝ ለእኛ ቅንጦት አይደለም። ሂሳብ ስታሰሉ ደግሞ የሽያጭ ግብሩ 11.5 በመቶ መሆኑን አትርሱ፤ ዕቃውም በመርከብ ስለሚመጣ ከሜሪላንድ ሱቅ ይወደዳል።

መብራት ሊጠፋ ይችላል። በመስከረም 2017 ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ የደሴቷን የመብራት መስመር ካደቀቀው ወዲህ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተስተካከለም። ለእናቴ አዲስ ነገር አልነበረም፤ የተደናገጡት ልጆቹ ናቸው። ማረፊያ ስትይዙ ጄኔሬተርና የውኃ ታንከር እንዳለው ጠይቁ፤ መድኃኒታቸው ማቀዝቀዣ የሚፈልግ ወላጆች ካሏችሁ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አየሩ ይለዝባል፣ ዋጋው ግን ይወጣል።

በገና ሰሞን መሄድ ሌላ ጥቅም አለው። የእነሱ በዓል በታኅሣሥ 25 አያልቅም፤ የሦስቱ ነገሥታት ቀን ጥር 6 ድረስ ይቀጥላል፤ ልጆች በዋዜማው ማታ ለነገሥታቱ ግመሎች በካርቶን ሣር ያስቀምጣሉ። የነገሥታቱ ቀን ማግስት የእኛ ገና ነው። የኛ ልጆች ሣር ለመንቀል ከኤል ሞሮ ሜዳ ሌላ አላሰቡም፤ አስተውኳቸው፣ ፓርክ ነውና።

ቡናን ሳላነሳ ብቀር እናቴ አትምረኝም። የደሴቷ ተራሮች፣ ያውኮ፣ አድሁንታስ፣ ላሬስ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ለአውሮፓ የሚላክ ቡና ያበቅሉ ነበር፤ ቡናው ያኔ የደሴቷ ዋና የውጭ ንግድ ነበር። የነሐሴ 1899 አውሎ ነፋስ እርሻውን አወደመው፣ ገበያውም በዚያው አልተመለሰም። አሁን አሮጌው ከተማ ውስጥ የአገሩን ቡና ብቻ የሚያፈሉ ቤቶች አሉ። «ከየትኛው ተራራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ከሌላቸው ከውጭ የገባ ሊሆን ይችላልና ሌላ ቤት ሂዱ። እናቴ የያውኮውን ቀምሳ «አይከፋም፣ መቁላቱን አበዙበት» የሚል ፍርድ ሰጠች። ከእሷ አፍ ይህ ምስጋና ነው።

ስትመለሱ ሻንጣችሁ ከአየር መንገዱ መስኮት በፊት በግብርና መሥሪያ ቤቱ መፈተሻ ማለፍ አለበት፤ ሰልፍ ስላለው ቀደም ብላችሁ ድረሱ። ማንጎና ሌሎች ብዙ ትኩስ ፍራፍሬዎች አያልፉም። የተቆላ ቡና ያልፋል። ጥሬውን ገዝታችሁ ቤት ልትቆሉ ካሰባችሁ፣ እንደ እናቴ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የሚፈቀደውን አጣሩ። እኛ የተቆላውን ይዘን ገባን።